ልጅ አፉን የሚፈታበት ጊዜ

ሕፃን ልጅ ከመናገሩ አስቀድሞ ይሰማል፤ የሰማውንም እየተከተለ አፉን ይፈታል። ስለዚህ ንግግሩ የዘገየ ልጅ ሲገኝ፥ በመጀመሪያ የሚመረመረው ምላሱ ሳይሆን ጆሮው ነው።

ልጅ 1 ዓመት ሲሞላው ስሙን ሲጠሩት ዞር ይላል፤ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ይናገራል፤ በ2 ዓመቱ «እማ ነይ» እንደ ማለት ሁለት ቃል ያጋጥማል፤ በ3 ዓመቱም አብዛኛውን ንግግሩን እንግዳ ሰው እንኳ ያስተውለዋል። ልጆች በጥቂት ወር ቢበላለጡ አያስደነግጥም። ነገር ግን በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል ያላጋጠመ፥ ወይም ይናገር የነበረውን የተወ ልጅ፥ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ሊታይ ይገባል።

ብዙ ልጅ ግን ችግሩ ሳይታወቅ ፊደል ለመቁጠር ይቀርባል። ተማሪዎች በአንድነት ሲጮኹ የማይሰማው ልጅ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ተብታባውም ከብዙ ድምፅ ጋር ሲሆን ብዙ ጊዜ ሳይደናቀፍ ያነባል። ስለዚህ መምህር እያንዳንዱን ለብቻው ያስነብብ፤ ከኋላውም ቆሞ በዝግታ ስሙን ይጥራ። «ልበ ቢስ» ተብሎ የሚቀጣው ልጅ ጆሮው መግል የሚፈሰው ሊሆን ይችላል።

በአዲስ አበባ በልደታ፥ ሜክሲኮ በተባለው አደባባይ ዙሪያ፥ ከየአገሩ የመጣ ሰው ይኖራል። በዚያ በጉራጌኛ ወይም በኦሮምኛ አፉን የፈታ ልጅ በአማርኛ ቢዘገይ ሕመም አይደለም። በቤቱ ቋንቋ እንዴት እንደሚናገር ወላጆቹን መጠየቅ ይገባል። በዚያም ከዘገየ ግን ችግር አለ ማለት ነው።

እንጥል ማስቆረጥና የምላስን ሥር በምላጭ ማስበጣት ደም መፍሰስንና መመርቀዝን ያመጣል እንጂ አንደበትን አይፈታም። ልጁን በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ መውሰድ ይሻላል፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ይመሩታል። ከሜክሲኮ አደባባይ የማይርቀው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጆሮ፥ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕክምና ክፍል አለው። ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ በቀዶ ሕክምና ይረዳል፤ ፈጽሞ የማይሰማም በምልክት ቋንቋ ይማራል።

መምህርም በደንብ የማይሰማውን ከፊት ያስቀምጠው፤ ተብታባውን ታግሦ ይስማው፥ ቃሉንም አይንጠቀው፤ በባልንጀሮቹም አያሳልቅበት። ነቢዩ ሙሴ አንደበቱ የከበደ ነበረ፤ ወንድሙ አሮንም ቆመለት። እንዲህ ላለው ልጅ መምህርና ሽማግሌ እንዲሁ ሊቆሙለት ይገባል።