ራጅ የልደት ቀን አይናገርም

በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ በምሠራበት ክሊኒክ፣ ለአንድ የወጣቶች ቡድን ተጫዋች የሚመለምል ሰው የአንድ ልጅ የግራ እጅ ራጅ አስነሥቶ ወደ እኔ ገባ። የፈለገው ምርመራ አይደለም፤ አንድ ቁጥር ነው። ልጁ በግራ ክንፍ ይጫወታል፤ ሰውየው ዓይኑን ጥሎበታል። የስደተኛ ካርዱ ግን የተወለደው ጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ነው ይላል። በካርዱ ከሄድን የ23 ዓመት ጎልማሳ ነው። እናቱ ደግሞ «ከ97ቱ ምርጫ ቀጥሎ በመጣው ጥምቀት፣ በዘመነ ማርቆስ ነው የወለድኩት» ትላለች። ይህ ጥር 1998 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 2006። እናትየው የተናገረችው 1998 ትክክል ነበር። መዝጋቢው በራሱ አቆጣጠር ጻፈውና ልጁ በአንድ ጀንበር ስምንት ዓመት ጨመረ።

ፊልሙን አየሁት። በአንጓው ላይ ያሉት የዕድገት መስመሮች ገና ክፍት ናቸው፤ 23 ዓመት በሞላው ጤነኛ ሰው ላይ ይህ አይታይም። የጻፍኩትም ይህንኑ ነው፦ ከካርዱ ጋር አይጣጣምም፣ እናቱ ከተናገረችው ጋር ይጣጣማል፣ በግምት ከ13 እስከ 17 ባለው ውስጥ ነው። ሰውየው ወረቀቱን አንብቦ መለሰልኝ። «ዶክተር፣ ይህ መልስ አይደለም። ማሽኑ ስንት አለ?» አለኝ። ማሽኑ ምንም እንዳላለ፣ ሊልም እንደማይችል አስረዳሁት። አልተቀበለኝም። ሌላ ቦታ ሄዶ ቁጥሩን የሚጽፍለት ባለሙያ እንደሚያገኝ ነገረኝ፤ እንደሚያገኝ እኔም አውቃለሁ። ያ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ። በየዋህነት ወይም ከጭቅጭቅ ለመገላገል አንድ ቁጥር የሚጽፉ የሙያ ባልደረቦቼ አሉ። እነሱ አንድ ቁጥር በጻፉ ቁጥር፣ ራጅ ዕድሜ ይቆጥራል የሚለው እምነት አንድ ተጨማሪ ምስክር ያገኛል።

ዳኛ ይህን ይጠይቀኛል፤ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ይጠይቀኛል፤ አሠልጣኝ ይጠይቀኛል። ሁሉም የሚያወሩት አጥንት ውስጥ ቀን የታተመ ይመስል ነው። እኛ የምናደርገው የልጁን እጅ ከአንድ አትላስ ምስሎች ጋር ማስተያየት ብቻ ነው። ዛሬም በየክሊኒኩ ያለው የግሮይሊክና የፓይል አትላስ ሁለተኛ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ምስሎቹ የተነሡት ደግሞ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ከነበሩ፣ ኑሯቸው ከተደላደለ የነጭ ቤተሰቦች ልጆች ነው። አትላሱ የተሠራበት ዓላማም ሌላ ነበር። ሐኪሙ የልጁን ዕድሜ አስቀድሞ ያውቃል፤ የሚጠይቀው «ይህ የ10 ዓመት ልጅ እንደ እኩዮቹ እያደገ ነው ወይ?» ብሎ ነው። እኛ ግን ጥያቄውን ገልብጠን ከዕድገቱ ዕድሜውን ልናወጣ እንሞክራለን። በክሊቭላንድ ልጆች መካከል እንኳ፣ በጉርምስና ዘመን የአንድ ዓመት ልዩነት ተራ ነገር ነው፤ የሁለት ዓመት ልዩነትም በሽታ ተብሎ አይያዝም።

አሁን ይህን አትላስ ይዘን ወደ ገዳሪፍ እንምጣ። ከሾዋክ እስከ ዶካ፣ ከዶካ እስከ ገላባትና መተማ ድረስ ያለው ምድር የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። የካላዛርም አገር ነው። ሱዳን ውስጥ በሽታው ከሚጠናባቸው ቦታዎች ገዳሪፍ ግንባር ቀደም ነው፤ በእኛም በኩል መተማና ሁመራ እንዲሁ ናቸው። ካላዛር ወራት ሙሉ ያከሳል፣ ደም ይጨርሳል። በዚያ ላይ በየክረምቱ ወባ አለ፤ አዝመራ እስኪደርስ ደግሞ የምግብ እጥረት። እንዲህ ያደገ ልጅ አጥንቱ ዘግይቶ ይበስላል። ስለዚህ የ17 ዓመቱ ልጅ በፊልም ላይ 15 ሊመስል ይችላል። ካላዛር ያልነካው፣ ጠግቦ ያደገ የ14 ዓመት ጎረቤቱ ደግሞ 16 ይመስላል። ፊልሙን አንሥቼ ሳየው ረሃቡን ከዓመቱ የምለይበት መንገድ የለኝም። ማንም የለውም።

«ፊፋስ?» ይሉኛል። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ላይ ከተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የተጫዋቾችን አንጓ በኤምአርአይ ያያል። ራጅ ያልመረጡት ጤነኛ ልጅን ያለ ሕክምና ምክንያት ለጨረር ላለማጋለጥ ነው፤ ይህን ብቻ እንኳ ብንማርላቸው ምንኛ ጥሩ ነበር። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ የክንዱ አጥንት ጫፍ ሙሉ በሙሉ ገጥሟል ወይስ አልገጠመም? ከገጠመ፣ ባለቤቱ ከ17 ዓመት በታች የመሆን ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። ካልገጠመ ግን የ14፣ የ16 ወይም የ18 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ፊልሙ አይለየውም። ምርመራው ከውድድሩ የሚያስወጣውን ይለያል እንጂ ለማንም ዕድሜ አይሰጥም። ሕዝቡ ጋ የደረሰው ግን «ፊፋ በማሽን ዕድሜ ያውቃል» ተብሎ ነው።

ይህን የዕድሜ ችግር የድሃ አገር ጣጣ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው የቭላድሚር ጌሬሮን ታሪክ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ጌሬሮ በቤዝቦል የሜዳው ጥልቅ ቀኝ ክፍል ተከላካይ ነበር፤ ርቆ የተመታን ኳስ ሮጦ ይይዛል፣ ከዚያ ርቀት ወደ መሐል ይወረውራል። ክንዱ ይፈራ ነበር። ሲመታ ደግሞ ሌላው ተጫዋች የሚያሳልፈውን፣ መሬት ሊነካ የደረሰውን ኳስ ሳይቀር፣ ዱላውን ያለ ጓንት በባዶ እጁ ይዞ ይመታ ነበር። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ኒሳኦ በምትባል ከተማ በድህነት አድጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ለሞንትሪያል ኤክስፖስ ፈረመ። በ1996 ዋናውን ሊግ ተቀላቀለ። በ2004 ወደ አናሃይም መላእክት ተዛውሮ በዚያው ዓመት የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። በቴክሳስና በባልቲሞር አንዳንድ ዓመት አሳልፎ ከዋናው ሊግ ሲወጣ 449 ሆም ረንና 2,590 ምት አስመዝግቦ ነበር። በ2018 የዝና አዳራሽ ገባ። ልጁ ቭላድሚር ታናሹም ዛሬ ቶሮንቶ ውስጥ ይጫወታል።

ይህ ሰው እስከ 2009 ድረስ በመዝገብ የተወለደው በ1976 ነበር። በዚያ ዓመት ክለቡ ትክክለኛው ዓመት 1975 መሆኑን አስታወቀ። በሙያዬ ዓይን የማየው ነገር እዚህ ላይ ነው። በ2003 የጀርባው ዲስክ ተጎድቶ ብዙ ጨዋታ ያመለጠው ሰው ነው፤ ጉልበቱም ሲያስቸግረው ኖሯል። ገንዘብ ከማያልቅበት ሊግ ሐኪሞች እጅ የወጣበት ጊዜ የለም። ሆኖም ያቺን አንድ ዓመት ያወጣት ወረቀት ነው፤ ፊልም አላወጣትም፤ ሊያወጣትም አይችልም ነበር። በ34 እና በ33 ዓመት ሰው አጥንት መካከል የሚታይ ልዩነት የለም። ደግሞ ልብ በሉ፤ በዚያ አገር መልማዮች ልጅን በ16 ዓመቱ ያስፈርማሉ፣ አንድ ዓመት ሲጨምር ዋጋው ይወርዳል። ገበያው ለአንድ ዓመት ዋጋ ካወጣለት ዓመቱ መቀነሱ የማይቀር ነው። ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ላይ የሚጭን ሰው ግማሹን ታሪክ ትቷል።

የእኛው ማርሽ ቀያሪ ምሩጽ ይፍጠርስ? በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ወሰደ፤ በ5 ሺህ ሜትሩ ሳይሮጥ ቀረ። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ራሳቸውን ሲያገልሉ ያም አመለጠው። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ ሲያነሳ የውጪ ጋዜጠኛ አጥብቆ የጠየቀው ስለ ማርሽ አቀያየሩ አልነበረም፤ ስለ ዕድሜው ነበር። ከሠላሳዎቹ መጀመሪያ እስከ አርባ ያለፈ ቁጥር ተጻፈለት። እሱ አልመለሰላቸውም። ልክ ነበር። የሮጠው የዕድሜ ገደብ በሌለበት ውድድር ነው፤ ዕድሜው ማንንም አይመለከትም ነበር።

አሁን ወደ እናቶቹ ልምጣ፤ በጣም የምቆረቆርላቸው እነሱ ናቸው። መዝጋቢውም መልማዩም እናት የምትናገረውን እንደ ወሬ ይይዙታል፤ ፊልሙን እንደ ሳይንስ። እኔ ግን በዚህ ሥራ ላይ ካየሁት ተነሥቼ የምናገረው ተቃራኒውን ነው። ዘመነ ማርቆስ በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ 1994፣ 1998፣ 2002። በዚህ ላይ የ97ቱ ምርጫ ሲጨመር ሌሎቹ ሁለቱ ይወድቃሉ። ጥምቀት ደግሞ ወሩን ይሰጣል። ክርስትና የተነሳበት 40ኛ ቀን የትኛው በዓል ላይ እንደዋለ ብትጠየቅ ሳምንቱን ታወጣለች። የእኔ ፊልም ከ13 እስከ 17 ሲል እሷ ሳምንቱን ታውቃለች። ስለዚህ ሰው ሲላክልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው እናቱ አለች ወይ ብዬ ነው። «እትዬ፣ ማን ወንጌላዊ ነበር ዘመኑ?» ስላቸው ፊታቸው ይበራል፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረምና። እርግጥ እናትም ልትሳሳት፣ ልትደብቅም ትችላለች። ያኔ ራጁ አንድ ጥቅም አለው፤ እንደ ልጁ ካርድ ያለ የስምንት ዓመት ስሕተት ሲገጥመን ውሸት ነው ይለናል። ከዚያ ያለፈ ነገር ከእሱ መጠበቅ የለብንም።

በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላው አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ የልደት ወረቀት ስለሌለው አጭበርባሪ አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ጉዞው ተገልብጧል፤ ሱዳናውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ፣ ኩመር መጠለያም ተከፈተ። በፈረንጆቹ 2010 የተወለደ ሱዳናዊ ልጅ በእኛ ቢሮ «2010» ተብሎ ከተጻፈና አንባቢው ዓ.ም. ነው ብሎ ከወሰደው፣ ልጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያንሳል፤ ገና አንደኛ ክፍል የሚገባ ሕፃን ይሆናል። በዚያኛው በኩል አርጅቶ የነበረው የእኛ ልጅ ታሪክ በተቃራኒው ይደገማል። መዝጋቢዎች ሆይ፣ ከቁጥሩ ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጻፉ፤ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ነው። እናትየው የነገረችውንም እንዳለ አስፍሩት። ልጁን ወደ ራጅ ክፍል የምትልኩት እነዚህ ሁለቱ ከተሠሩ በኋላ ይሁን።