ሐርለም ውስጥ «አቢሲኒያ» የምትባል ቤተክርስቲያን ለምን አለች?

ኒው ዮርክ፣ ሐርለም ሰፈር፣ ምዕራብ 138ኛ ጎዳና። እዚህ ጋ አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤተክርስቲያን አለች። የምትጠራው ደግሞ በኛው አገር የድሮ ስም ነው፦ «አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች»። አባላቷ በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ቅዳሴ የለም፣ ጽናጽል የለም፣ አገልግሎቱም በእንግሊዝኛ ነው። ምልክቷ ግን የኢትዮጵያ መስቀል ነው።

የኛ ስም እዚያ ምን ያደርጋል? መልሱ ከ200 ዓመት በላይ ወደኋላ ይወስደናል። የሚጀምረውም ቀላል ከሚመስል ጥያቄ ነው፦ ቤተክርስቲያን ውስጥ ማን የት ይቀመጣል?

መጀመሪያ ግን «ባፕቲስት» የሚለውን እንፍታው። ያለሱ ታሪኩ በደንብ አይገባም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ባፕቲስት ማለት ምንድን ነው?

ቃሉ እንግዳ እንዳይመስላችሁ። «ዮሐንስ መጥምቁ» ስንል «መጥምቁ» የምንለው ራሱ ነው። እንቅስቃሴው የጀመረው በ1609 አምስተርዳም ውስጥ፣ ከእንግሊዝ ሸሽተው በሄዱ ጥቂት ሰዎች ነው። መሪዎቻቸው ጆን ስሚዝ እና ቶማስ ሄልዊስ ይባላሉ። ባፕቲስቶችን ከብዙ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የሚለያቸውን በሦስት ነጥብ እንየው።

አንድ፦ ጥምቀት ላመነ ሰው ነው። እኛ አገር በኦርቶዶክስ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። መካነ ኢየሱስም ሕፃናትን ታጠምቃለች። ባፕቲስቶች ግን «ሰው ገብቶት፣ በራሱ አፍ አምኛለሁ ይበል፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ ይጠመቅ» ባይ ናቸው። ሙሉ ወንጌል ወይም ቃለ ሕይወት የምትሄዱ ልጆች ይሄ አዲስ አይሆንባችሁም፤ በዚህ ነጥብ ከባፕቲስቶች ጋር ትመሳሰላላችሁ።

ሁለት፦ እያንዳንዱ አጥቢያ ራሱን ያስተዳድራል። ከላይ የሚሾም ጳጳስ የለም፣ የሚያዝ ሲኖዶስ የለም። ፓስተር ሲያስፈልግ አባላቱ ፈላጊ ኮሚቴ ያቋቁማሉ፣ ዕጩዎች መጥተው ይሰብካሉ፣ በመጨረሻ አባላቱ ተሰብስበው ድምፅ ይሰጣሉ። ዛሬ የተጠመቀች ወጣትም፣ ሀብታሙ ነጋዴም በመርህ ደረጃ ድምፃቸው እኩል አንድ ነው። አጥቢያዎች ኅብረት ፈጥረው አብረው ሚስዮናዊ ይልካሉ፣ ትምህርት ቤት ይከፍታሉ። ኅብረቱ ግን የአጥቢያው አለቃ አይደለም።

ሦስት፦ መንግሥት በሰው እምነት አይግባ። ሄልዊስ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በ1612 አንድ መጽሐፍ አወጣ። ንጉሡ በሰው ነፍስ ላይ ሥልጣን እንደሌለው፣ ይህም ነፃነት ለክርስቲያኑ ብቻ ሳይሆን ለሙስሊሙም ለአይሁዱም እንደሚገባ ጻፈ። በዚያ ዘመን እንዲህ ማለት ዋጋ ያስከፍላል። እስር ቤት ገባ፣ በ1616 አካባቢም ሞተ።

ከሦስቱ ሁለተኛዋን ያዙልኝ። የኛን ስም ሐርለም ያደረሰችው እሷ ናት።

1808፦ «እዚያ ጥግ ተቀመጡ»

በ1808 ኒው ዮርክ ውስጥ ባርነት ገና ሕጋዊ ነበር። ግዛቲቱ ሙሉ በሙሉ ያስቀረችው በ1827 ነው። ነፃ የሆኑ ጥቁሮችም ቢሆኑ በየቤተክርስቲያኑ ለብቻቸው የተመደበላቸው ቦታ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ ወይም ሰገነት ላይ።

ቤተክርስቲያኗ የራሷን አመሠራረት የምትተርከው እንዲህ ነው፦ ጥቂት ነፃ ጥቁር አሜሪካውያን እና በመርከብ የመጡ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች በከተማው ወደነበረው የመጀመሪያው ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ሄዱ። በቀለማቸው ተለይተው እንዲቀመጡ ተነገራቸው። እምቢ አሉ። ተነስተው ወጡ፣ በዚያው ዓመት በቦስተኑ ሰባኪ በቶማስ ፖል እርዳታ የራሳቸውን ቤተክርስቲያን መሠረቱ። ስሟንም አቢሲኒያ አሏት።

አሁን ያቺን ሁለተኛ ነጥብ አስታውሱ። ጳጳስ ያለበት ቤተክርስቲያን ቢሆን ኖሮ ለመውጣትም ለመመሥረትም የሚጠየቅ አለቃ አለ። ባፕቲስት ዘንድ ግን ያመኑ ሰዎች ተሰብስበው፣ ቃል ኪዳን ገብተው፣ ፓስተር ከመረጡ በቃ፣ ቤተክርስቲያን ሆኑ ማለት ነው። ከኋላ ወንበር የተነሱት ሰዎች እንደማንኛውም ነጭ አጥቢያ ሙሉ ቤተክርስቲያን መሆን ቻሉ።

ስሙም የዘፈቀደ አልነበረም። በዚያ ዘመን ጥቁር አሜሪካውያን መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነቡ ኢትዮጵያን በክብር ተጠርታ ያገኟታል። በተለይ መዝሙር 68 ላይ ስለ ኢትዮጵያ እጆች የሚናገረው ቃል በስብከትም በጽሑፍም ደጋግሞ ይነሳ ነበር። ሰው ተብሎ ለመቆጠር ለሚታገል ሕዝብ ይህ ስም ትልቅ ነገር ነበር፦ «እኛም መጽሐፉ ውስጥ አለንበት» ማለት ነው።

ያው ነፃነት በሌላ እጅ

እዚህ ጋ ታሪኩን ጣፋጭ አድርገን ብንዘጋው ደስ ይል ነበር። ግን ያቺው መርህ ለሌሎችም አገልግላለች።

በ1845 የደቡብ አሜሪካ ባፕቲስቶች ከሰሜኖቹ ተለዩ። የተጣሉበት ጉዳይ ባሪያ ያለው ሰው ሚስዮናዊ ሆኖ ሊላክ ይችላል ወይስ አይችልም የሚል ነበር። ደቡቦቹ «ይችላል» ብለው ኦጋስታ፣ ጆርጂያ ላይ የራሳቸውን ኮንቬንሽን አቋቋሙ። ይኸው የደቡብ ባፕቲስት ኮንቬንሽን ዛሬ በአሜሪካ ትልቁ የፕሮቴስታንት ኅብረት ነው። ስለ ባርነትና ዘረኝነት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ1995 ነው፤ ከ150 ዓመት በኋላ።

በ2022 ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። በኮንቬንሽኑ ጥያቄ የተሠራ ገለልተኛ ምርመራ እንዳሳየው፣ በጾታዊ ጥቃት የተጠረጠሩ አገልጋዮችን ስም ዋናው ቢሮ ለዓመታት መዝግቦ ይዞ ነበር፤ ለአጥቢያዎች ግን አላሳወቀም። የተጎዱ ሰዎች «አንድ ነገር አድርጉ» ሲሉ ከሚሰጣቸው መልስ አንዱ «አጥቢያዎች ነፃ ናቸው፣ ጣልቃ አንገባም» የሚል ነበር።

አያችሁ? ጥቁሮቹን ከኋላ ወንበር ያስነሳቻቸው መርህ፣ ሌላ ቦታ ጥፋተኛ መሸሸጊያ ሆነች። መርህ ብቻውን ማንንም አያድንም። ማን በእጁ ይዞት እንደቆመ ይወስነዋል።

ከሐርለም እስከ አዲስ አበባ

ወደ አቢሲኒያ እንመለስ። አሁን ያለችበት ሕንጻ የተመረቀው በ1923 ነው። ፓስተሩ አዳም ክሌይተን ፓወል ትልቁ ነበር። በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ቤተክርስቲያኗ ለተራቡ የሐርለም ሰዎች ምግብ ታበላ ነበር። በ1930 ለትምህርት ወደ ኒው ዮርክ የመጣ ዲትሪክ ቦንሆፈር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ እዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምሯል። ይህ ሰው በኋላ ናዚዎችን ተቃውሞ በ1945 የተሰቀለው ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ ከሐርለም የሰበሰበውን የጥቁሮች መዝሙር ሸክላ ይዞ ሄዶ ለተማሪዎቹ ያሰማ ነበር።

በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ሐርለም ተነሳ። ሰልፍ ተወጣ፣ ገንዘብ ተዋጣ፣ ለመዝመት የተመዘገቡም ነበሩ። አቢሲኒያም ሰው ከተሰበሰበባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። በ1937 ዶክተር መላኩ በያን የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን የመሠረተው እዚያው ኒው ዮርክ ነው።

በ1954 አፄ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን ሲጎበኙ ወደዚህች ቤተክርስቲያን ሄዱ፣ የኢትዮጵያ መስቀልም በስጦታ ሰጡ። መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁ ምልክት የመጣው ከዚያ ነው። የተቀበላቸው ፓስተር የትልቁ ፓወል ልጅ ነበር፤ ከኒው ዮርክ የመጀመሪያው ጥቁር የኮንግረስ አባል። በ2007 ደግሞ፣ እኛ ሚሊኒየማችንን ስናከብር፣ ፓስተር ካልቪን በትስ ከመቶ በላይ አባላት ይዘው ኢትዮጵያ መጡ። የ200ኛ ዓመት በዓላቸውን የጀመሩት ስሟን የወሰዱላትን አገር በመጎብኘት ነው።

ድምፅ መስጠት ቀላል ነው?

በትስ በኦክቶበር 2022 ሞቱ። ከ1989 ጀምሮ ፓስተር ነበሩ። ተተኪ ለማግኘት አንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ፈጀ። አንዳንድ አባላት በሂደቱ ላይ ቅሬታ አነሱ። አመልክታ የነበረች አንዲት ሴት አገልጋይ «በሴትነቴ ታለፍኩ» ብላ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ ቤተክርስቲያኗ አልተቀበለችውም። በመጨረሻ በጁን 2024 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ኬቨን ጆንሰንን መረጡ።

ከውጭ ሲያዩት «ቤተክርስቲያን ውስጥ ምርጫና ክስ?» ያሰኛል። ግን ባፕቲስትነት ማለት ይሄም ነው። ጳጳስ ሲሾም ምዕመኑ ቢከፋው ጣቱን ወደ ላይ ይጠቁማል። እዚህ ግን የሚጠቆመው ወደ ራስ ነው፤ የመረጥከው አንተ ነህ። ፓስተሩ ገንዘብ ቢያጎድል፣ ሰው ቢጎዳ፣ አንዱን ወገን ቢያገል፣ ዝም ያለው አባል ሁሉ ድርሻ አለው። የአባላት ስብሰባ ላይ አሥር ሰው ብቻ ከተገኘ ደግሞ ቤተክርስቲያኑን የሚመሩት አሥር ሰዎች ናቸው።

ይሄ ሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። እኛ አገርም ብዙ የወንጌላውያን አጥቢያዎች ሽማግሌዎቻቸውን በአባላት ድምፅ ይመርጣሉ፣ ዓመታዊ ሪፖርትና በጀት ለጉባኤ ያቀርባሉ። እና ስንቶቻችን ነን እሁድ መዝሙሩ ሲያልቅ «ለአባላት አጭር ስብሰባ አለ» ሲባል በበሩ ሹልክ የምንለው? እኔ ብዙ ሰው ሲወጣ አይቻለሁ።

በ1808 የተነሱት ሰዎችም በበሩ ወጥተዋል። ልዩነቱ፣ እነሱ የወጡት ሌላ ቦታ ሁሉም እኩል የሚቀመጥበትን ቤት ለመሥራት ነው። የቤቱን ስም ደግሞ ከኛ ወሰዱ።

እናንተ ጋስ? በምትሄዱበት ቤተ እምነት፣ የትኛውም ይሁን፣ መሪውን ማን ይመርጣል? ሲያጠፋስ ማን ይጠይቀዋል? ቢያንስ ይህችን አንድ ጥያቄ በሚቀጥለው ሳምንት ጠይቁና መልሱን ስሙ።