ትይዩ የሌዘር ጨረሮች አሠራር

የአንድን ተንቀሳቃሽ አካል ፍጥነት ለማወቅ ሁለት ነገሮችን መለካት ያስፈልጋል። እነርሱም አካሉ የተጓዘው ርቀትና ጉዞው የፈጀው ጊዜ ናቸው። ርቀቱን በማስመሪያ መለካት አያስቸግርም። ጊዜውን በእጅ ሰዓት ለመለካት ሲሞከር ግን ዐይን አይቶ ጣት እስኪታዘዝ ድረስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ያልፋል። በተዘቀዘቀ ጣውላ ላይ በሰከንድ 2 ሜትር የሚንከባለል ኳስ በዚህች ቅጽበት ብቻ 40 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ልኬት ከእጅ ይልቅ ብርሃንን መጠቀም ይመረጣል።

እናንተም በሳይንስ ክበባችሁ ልትሠሩት የምትችሉት የብርሃን መለኪያ አለ። የኳሱን መንገድ አቋርጠው የሚያልፉ ሁለት የሌዘር ጨረሮች በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ይዘረጋሉ። በእያንዳንዱ ጨረር መድረሻ ላይ ፎቶትራንዚስተር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ይቀመጣል። ይህ መሣሪያ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ብርሃን ሲቋረጥበት ግን ይከለክላል። ኳሱ የመጀመሪያውን ጨረር ሲያቋርጥ የኤሌክትሮኒክስ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፤ ሁለተኛውን ሲያቋርጥ ይቆማል። ኳሱ 10 ሳንቲ ሜትሩን በ0.05 ሰከንድ ከጨረሰ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር ነው ማለት ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም የመለኪያው ትክክለኛነት በአንድ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይኸውም ሁለቱ ጨረሮች ትይዩ መሆናቸው ነው። ትይዩ መስመሮች እንደ ባቡር ሐዲድ ሁለት ብረቶች፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከዳር እስከ ዳር የማይለወጥ መሆኑን በሒሳብ ትምህርት ተምራችኋል። እስቲ ጨረሮቹ ትይዩ ባይሆኑ የሚከተለውን እንመልከት። በመነሻቸው በ10፣ በመድረሻቸው ደግሞ በ12 ሳንቲ ሜትር የተራራቁ ናቸው እንበል። ኳሱ በመካከል ሲያልፍ የሚያቋርጠው ርቀት 11 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለዚህም 0.055 ሰከንድ ይፈጅበታል። መለኪያው ግን ርቀቱን 10 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ስለሚያሰላ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.82 ሜትር ነው ይላል። ይህም ከእውነተኛው በ9 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። ከዚህም የከፋው፣ ኳሱ ወደ አንደኛው ዳር ጠጋ ባለ ቁጥር ውጤቱ የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። ሰዓቱ የሰከንድን ሚሊዮንኛ ክፍል የሚለይ እንኳ ቢሆን ይህን ስሕተት ሊያርመው አይችልም።

ሁለቱ ጨረሮች እርስ በርሳቸው ትይዩ ከመሆናቸው በፊት እያንዳንዱ ጨረር ራሱ የተሰበሰበ መሆን አለበት። አሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 የመጀመሪያውን ሌዘር ከሠራ ወዲህ፣ ብዙ ሰዎች የሌዘር ብርሃን ፈጽሞ የማይሰፋ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። በ1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ወዳኖሩት አንጸባራቂ ከምድር የሚላክ የሌዘር ጨረር፣ እዚያ ሲደርስ ስፋቱ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ይሆናል። በእጅ በሚያዝ ትንሽ ሌዘር ውስጥም ብርሃን የሚያመነጨው ቅንጣት ብርሃኑን በሰፊው ይበትነዋል። ጨረሩን የሚሰበስበው ከፊቱ ያለው ሌንስ ነው። ቅንጣቱ በሌንሱ የትኩረት ነጥብ ላይ ሲውል ጨረሩ እምብዛም ሳይሰፋ ይጓዛል። ወደ ሌንሱ ቢጠጋ ይሰፋል፤ ቢርቅ ደግሞ መጀመሪያ ጠብቦ ኋላ ይሰፋል። ስለሆነም ሌንሱን ቀስ በቀስ እያዞራችሁ፣ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ነጥብ በ1 ሜትርና በ5 ሜትር ርቀት ላይ ተቀራራቢ ስፋት እንዲኖረው አድርጉ።

ሁለት ትይዩ ጨረሮችን ለማግኘት የሚረዱ ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንደኛው ዘዴ አንድን ጨረር መክፈል ነው። ለዚህም መልክ ማያ ያልሆነ፣ ለጠረጴዛ ክዳን የሚያገለግለው ዓይነት ወፍራም ጠፍጣፋ መስታወት ያስፈልጋል። ጨረሩ በሰያፍ ሲያርፍበት ጥቂቱ ከፊተኛው ገጽ ይንጸባረቃል። የቀረው ወደ ውስጥ ገብቶ ከኋለኛው ገጽ ሲደርስ እንደገና ጥቂቱ ተንጸባርቆ ይመለስና በፊተኛው ገጽ በኩል ይወጣል። የመስታወቱ ሁለት ገጾች ትይዩ ከሆኑ ሁለቱ ተንጸባራቂ ጨረሮችም ትይዩ ናቸው። መስታወቱ ቢነቃነቅ እንኳ ሁለቱ አብረው ይዞራሉ እንጂ አይለያዩም። የዘዴው ጉድለት ጨረሮቹ እጅግ የተቀራረቡ መሆናቸው ነው። ጨረሩ በ45 ዲግሪ ሲያርፍ፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት የሚሰጠው ርቀት 7.5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ተራው የመስኮት መስታወት ቀጭን በመሆኑ ሁለቱ ነጥቦች ሊነካኩ ይችላሉ።

ሰፋ ያለ ርቀት ሲያስፈልግ ሁለተኛውን ዘዴ መጠቀም ይገባል። ይህም ሁለት ሌዘሮችን በአንድ ጠንካራ ጣውላ ላይ ጎን ለጎን ማሰር ነው። አንደኛው ሌዘር እንዳይነቃነቅ ሆኖ ይታሰራል። ሌላው ግን ሰፋ ባለ ቱቦ ውስጥ ይገባና በዙሪያው በሚገኙ ሦስት ብሎኖች ይያዛል። ብሎኖቹን በማጥበቅና በማላላት ሌዘሩን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ማዘንበል ይቻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስተካከል ነው፤ ከሁሉም የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቀውም ይህ ክፍል ነው። በካሬ ወረቀት ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ምልክቶችን አድርጉ። ወረቀቱን ለሌዘሮቹ አስጠግታችሁ ነጥቦቹ በምልክቶቹ ላይ ማረፋቸውን ተመልከቱ። ከዚያም ወረቀቱን ወደ 5 ሜትር ርቀት አርቁትና ነጥቦቹ እንደገና በምልክቶቹ ላይ እስኪያርፉ ድረስ ብሎኖቹን አስተካክሉ። የጎኑ ርቀት ብቻ ሳይሆን የሁለቱ ነጥቦች ከፍታም እኩል መሆን አለበት። በቅርብ የማይታይ ስሕተት በሩቅ ጎልቶ ይታያል። በ5 ሜትር ላይ የቀረው ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ መለኪያው በሚሠራበት የ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ልዩነቱ የሚሊ ሜትር አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መለኪያችሁን በሩቅ ፈትኑት፤ በቅርብ ተጠቀሙበት። ከዚህ በኋላ የክፍሉ ብርሃን እንዳያውካቸው በፎቶትራንዚስተሮቹ ፊት ጥቁር ቱቦ ማድረግ ይጠቅማል።

በመጨረሻም፣ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ልትጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። የሌዘር ጨረር የዐይንን ውስጠኛ ክፍል ሊያቃጥል ይችላል፤ እንዲህ ያለው ጉዳት ደግሞ ላይድን ይችላል። በመሆኑም ኀይሉ ከ1 ሚሊ ዋት የማይበልጥና ይህም የተጻፈበት ሌዘር ብቻ ምረጡ። ጨረሩ ትክክል መሆኑን በወረቀት ላይ እንጂ በዐይናችሁ አቅጣጫ ፈጽሞ አትመርምሩ። ጨረሮቹን ከተቀመጠ ሰው ዐይን ከፍታ ዝቅ አድርጋችሁ ዘርጉ፤ ከመድረሻቸውና ከመስታወቱም ኋላ ጥቁር ካርቶን አቁሙ። የሚያብረቀርቅ ኳስ ጨረሩን ወዳልታሰበ አቅጣጫ ስለሚያንጸባርቅ፣ ደብዛዛ ቀለም ያለው ኳስ ይሻላል። በእነዚህ ጥንቃቄዎች የተሠራ መለኪያ ደኅንነታችሁን ይጠብቃል፤ የሚሰጣችሁም ቁጥር የሚታመን ይሆናል።