ወጥ ጥበቃ የተከለከለ ፓተንት በየአገሩ የሚጸናበት መንገድ

ፓተንት መንግሥት ለፈጠራ ባለቤት፣ የፈጠራውን ምሥጢር ለሕዝብ በመግለጹ ምትክ፣ ሌሎች ያለፈቃዱ እንዳይጠቀሙበት የመከልከል መብት ለተወሰነ ዘመን የሚሰጥበት ሰነድ ሲሆን፣ መብቱ ከሰጪው አገር ድንበር አይሻገርም። በ1973 (ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሙኒክ ላይ የተፈረመው የአውሮፓ ፓተንት ስምምነት ይህን ድንበር ያላላው በከፊል ነው፤ ማመልከቻው በአንድ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ቢመረመርም፣ የተሰጠው ፓተንት ወዲያው ወደ ብሔራዊ መብቶች ጥቅልነት ይለወጣል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በ2007 ያገኘውን የአውሮፓ ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ፈጠራዊ ብቃት የለውም ብሎ ሲሽረው፣ በኢትዮጵያ በደስታ የተሰማው ያ ፍርድ ከኔዘርላንድ ውጭ የጸናውን የፓተንቱን ክፍል ያልነካው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቅሉን በአንድ መብት የመተካቱ ሐሳብ አሮጌ ነው። በ1975 ሉክሰምበርግ ላይ የተፈረመው የማኅበረሰብ ፓተንት ስምምነት ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቷል፤ በ2012 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብም ሥራ የጀመረው ሰኔ 1 ቀን 2023 በ17 አገሮች ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ሩማንያ ስትጨመር 18 ሆኑ። ስፔን ግን ቋንቋዋ የተገለለበትን ሥርዓት አልቀበልም ብላ ከውጭ ቆይታለች።

ወጥ ውጤት፣ ማለትም በተሳታፊዎቹ አገሮች ሁሉ እንደ አንድ መብት የሚቆጠር ጥበቃ፣ በራሱ አይመጣም፤ ባለቤቱ የፓተንቱ መሰጠት በይፋ ከታወጀበት ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ መጠየቅ አለበት። የጥበቃው ወሰን የሚገለጽባቸው አንቀጾች በተሳታፊ አገሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ካልሆኑ ወይም የሚፈለገው ትርጉም ካልተያያዘ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። ከተሳታፊዎቹ አንዷ የሆነችው ማልታ የሙኒኩን ስምምነት የተቀላቀለችው መጋቢት 1 ቀን 2007 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የቀረበ ማመልከቻ እርሷን ሊጠቅስ ስለማይችል፣ ቢሮው እንዲህ ያለውን ፓተንት ወጥ ውጤት ይነፍገዋል።

ጥያቄው የተከለከለበት ፓተንት ራሱ አይሞትም፤ ባለቤቱ በመረጠው አገር ሊያጸናው፣ ማለትም የአገሩ ሕግ የሚጠይቀውን ትርጉም አስገብቶና ክፍያ ፈጽሞ ብሔራዊ መብት ሊያደርገው ይችላል። ችግሩ ያለው በቀን አቆጣጠሩ ላይ ነው፤ የማጽኛው ጊዜ በአብዛኛው ሦስት ወር ሆኖ የሚቆጠረው ፓተንቱ ከታወጀበት ቀን ጀምሮ እንጂ ጥያቄው ከተከለከለበት ቀን አይደለም። አንዱ ወር ለጥያቄው፣ ሌላው ጉድለቱን ለማሟላት፣ ቀጥሎ ያለው ለቢሮው ውሳኔ ካለቀ፣ ባለቤቱ ውሳኔውን በሦስት ሳምንት ውስጥ የእነዚሁ አገሮች የጋራ ወደሆነው የተባበረ የፓተንት ፍርድ ቤት ይዞ ሲሄድ የማጽኛው በር ከኋላው ሊዘጋ ይችላል፤ ትርጉሙ በጊዜው ያልገባበት አገርም ሕጉ ከፈቀደ ፓተንቱን ከመነሻው እንዳልነበረ ይቆጥረዋል።

ጀርመንና ፈረንሳይ በ2000ው የለንደን ስምምነት መሠረት ትርጉም ስለማይጠይቁ አደጋው እዚያ ይቀላል፤ ክብደቱ የሚሰማው ትርጉም በሚጠይቁት በኦስትሪያ፣ በጣልያንና በፖርቱጋል ነው። ብዙ ተሳታፊ አገሮች ይህን አይተው የማጽኛው ጊዜ ወጥ ውጤት በመጨረሻ ከተከለከለ በኋላ እንደ አዲስ እንዲጀምር በየሕጋቸው ደንግገዋል፤ ሆኖም መድኅኑ በጋራ ደንቡ ውስጥ በቀጥታ ባለመጻፉ የጊዜው ርዝመትም የሚጀምርበትም ቀን ከአገር አገር ይለያያል። ለሥርዓቱ መሠረታዊ የሆነ ዋስትና ለየአገሩ ፈቃድ መተዉ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ጉዳቱም በየዋና ከተማው ጠበቃ ካለው ትልቅ ኩባንያ ይልቅ በብቸኛ ፈልሳፊና በትንሽ ድርጅት ላይ ይበረታል። ስፔንንና ቱርክን የመሳሰሉ ከወጥ ሥርዓቱ ውጭ ያሉ አገሮች ደግሞ የጥያቄው ዕጣ ምንም ይሁን ምን የመጀመሪያውን ቀን ይዘው ስለሚቆጥሩ፣ ጠንቃቃ የፓተንት ወኪል ጥያቄው አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ የቢሮውን መልስ ሳይጠብቅ ትርጉሞቹን አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ የወጥ ውጤቱ ምዝገባ ካልተፈጸመም ጥያቄውን አንሥቶ፣ ሦስቱ ወር ሳያልቅ፣ ፓተንቱን በየአገሩ ያጸናል።