ዋስ የሌለው ዝና

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ የሻጩን ቃል ብቻ አምኖ ገንዘቡን አይቈጥርም። የበሬውን ጥርስ ያያል፤ ትከሻውን ይዳስሳል፤ ሻጩን የማያውቀው እንደ ሆነም ዋስ ይጠይቃል። ከእንዲህ ያለ ጠንቃቃ ቤት የወጣ ልጅ ግን «ስምህን አገር ሁሉ እንዲያውቀው አደርጋለሁ» ለሚለው እንግዳ ራሱን ያለ ዋስ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ምን ይሆን?

ነገሩ በውጭ አገር በግልጽ ታይቷል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ኒክ ረሽያን የተባለ ሰው፣ የተወዳዳሪዎችን የዕለት ኑሮ አንድ ዓመት ሙሉ እየቀረጸ የሚያሳይ የቴሌቪዥን ውድድር እንዳዘጋጀና ሽልማቱም 100,000 ፓውንድ እንደ ሆነ አስታወቀ። 30 ሰዎች ተመረጡ፤ ሥራቸውንና ቤታቸውን ትተው የመጡም ነበሩ። ለንደን ሲደርሱ በዓመት ውስጥ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ራሳቸው ሠርተው እንዲያገኙ ታዘዙ። ወዲያውም ውድድሩን ለማሳየት የተስማማ አንድም ጣቢያ እንደሌለ፣ ሽልማቱም ከገዛ ላባቸው የሚወጣ እንደ ነበረ ተረዱ።

በ2009 ደግሞ በቱርክ አገር፣ በኢስታንቡል አቅራቢያ፣ ዘጠኝ ሴቶች በቴሌቪዥን ውድድር ላይ ያሉ መስሏቸው ሁለት ወር ያህል በአንድ ቤት ተዘግተው ከቈዩ በኋላ በጸጥታ ኃይል ነጻ ወጡ። ምስላቸው በኢንተርኔት ይሸጥ ነበር። ውሉን አፍርሶ የሚወጣም ከባድ መቀጫ እንደሚከፍል ተነግሯቸው ነበር።

እነዚህን ሰዎች ሞኞች ናቸው ብሎ ማለፍ አይገባም። አስቀድሞ፣ እውነተኛ ውድድር አለ፤ በአገራችንም ባላገሩ አይዶልና ፋና ላምሮት ያልታወቁ ድምፃውያንን ለአደባባይ አብቅተዋል። ሐሰትም የሚመጣው የእውነትን ልብስ ለብሶ ነው። ሁለተኛ፣ «ከብዙዎች መካከል አንተ ተመረጥህ» የሚለው ቃል ልብን ያሰክራል፤ የተመረጠ ሰው መራጩን ቢመረምር ምርጫው የሚፈርስበት ይመስለዋል። ሦስተኛ፣ ለጎረቤት ሁሉ ተናግሮና ተሰናብቶ የወጣ ሰው መመለስ ያፍራል፤ ስለዚህ ጥርጣሬ ሲነሣበት ለአታላዩ ምክንያት ፈላጊ ራሱ ይሆናል። አባቶች ውዳሴ ከንቱ ብለው የሚያስጠነቅቁበት ምኞት እንዲህ አድርጎ የተታላዩን እጅ ለአታላዩ ሥራ ያውላል።

ስም መፈለግ ብቻውን ነውር አይደለም። የጎጃም የቅኔ ተማሪም ቤተ ሰቡን ትቶ፣ ለምኖ እየበላ፣ በቅኔ ስም ለማግኘት ይደክማል። ነገር ግን ወደ ዋሸራም ሆነ ወደ ሌላ ጉባኤ ሲሄድ መምህሩ ማን እንደ ሆነና ከማን እንደ ተማረ ያውቃል፤ የዘረፈውም ቅኔ በሚያውቁ ሰዎች ፊት ይታረማል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ዛሬ ጥሪው በእጅ ስልክ እቤት ድረስ ይመጣልና፣ ልጃችሁ ተመረጥሁ ብሎ ሲነግራችሁ አትሣቁበት፤ አትቈጡትም። አብራችሁ ጠይቁ። የሚያሳየው ጣቢያ የትኛው ነው? ጣቢያው ራሱ ሲጠየቅ ያውቀዋልን? ገንዘቡን የሚከፍል ማን ነው? ልውጣ ያለ ሰውስ በነጻ ይወጣልን? ከሁሉ በላይ፣ ሳይሳካለት ቢቀር በሩ ክፍት መሆኑን ከመሄዱ በፊት ንገሩት። የተታለለን ሰው በአታላይ እጅ የሚያቈየው ብዙ ጊዜ የሚመለስበት ፊት ማጣቱ ነውና።