በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ዳግመኛ ስትፀንስ

አንድ ጊዜ በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ሁለተኛውንም የግድ እንዲሁ ትወልዳለች ማለት አይደለም። የማኅፀናቸው ጠባሳ ወደ ጎን የሆነና ሌላ እክል የሌለባቸው እናቶች በምጥ ለመውለድ ቢሞክሩ፣ ከ100ው 70 ያህሉ ይሳካላቸዋል። ሆኖም ከ200 በአንዷ ገደማ ጠባሳው በምጥ ጊዜ ይተረተራል፤ ያን ጊዜ እናትንና ልጅን ለማዳን ፈጥኖ ቀዶ ማውጣት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ምርጫው ከሐኪም ጋር አስቀድሞ ይቈረጥ እንላለን። የሆድ ጠባሳ የማኅፀኑን አይገልጽምና፣ ባል የፊተኛውን ሕክምና ወረቀት ይጠብቅ። ከካምባ ተራሮች ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው፤ ምጥ ሳይጀምራት ሆስፒታል አጠገብ፣ በእናቶች ማቆያ ወይም በዘመድ ቤት ትሰንብት። ዳግመኛ በቀዶ ጥገና ብትወልድም የእምነት ጉድለት አይደለም። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የምንል ሁሉ፣ ከጸሎታችን ጋር ስንቋንና መጓጓዣዋን እናዘጋጅላት።