ወንዝ ሽቅብ የሚፈስበት ከተማ፤ መርከብዎ በስንት ሰዓት ይደርሳል?

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖሩ ባልና ሚስት፣ ከአዲስ አበባ የመጡ እናታቸውን ይዘው ከኒውዮርክ ወደ ካናዳ በሚጓዝ የመዝናኛ መርከብ ተሳፈሩ። ለጉዞው ከአንድ ዓመት በላይ ቆጥበዋል። እናትየው ባሕር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። መርከቡ ሴንት ጆን ከተማ እንደደረሰ «ሪቨርሲንግ ፎልስ» ወደተባለውና ወንዝ ወደ ኋላ ሲፈስ ይታይበታል ወደሚባለው ሥፍራ በታክሲ ወሰዷቸው። ያገኙት ግን ዝም ብሎ የተኛ ውኃ ነው። እናት ጥቂት ቆመው አዩና «ልጄ፣ ይኼን ለማየት ነው እንዴ የመጣነው? ጣናም እኮ እንዲህ ነው» አሉ። ቤተሰቡ ፎቶ ተነስቶ ወደ መርከቡ ተመለሰ።

ጥፋቱ የታክሲውም የመርከቡም አልነበረም፤ የሰዓት ጉዳይ ነው። ቤተሰቡ የደረሰው ወንዙና ባሕሩ እኩል ሆነው ውኃው በሚቆምባት አጭር ጊዜ ላይ ነበር። ከቦስተንና ከኒውዮርክ ተነስተው ሴንት ጆን የሚደርሱ መርከቦች ብዙውን ጊዜ እዚያ የሚቆዩት አንድ ቀን፣ ያውም ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ የመርከቡን ሰዓት ከባሕሩ ሰዓት ጋር አስቀድሞ ማስተያየት ግድ ይላል።

ባሕሩ ለምን ይህን ያህል ይነሳል?

ሴንት ጆን የምትገኘው በካናዳ ኒው ብራንስዊክ ክፍለ ሀገር፣ በፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ነው። ጨረቃና ፀሐይ በስበታቸው ባሕርን ስለሚጎትቱ በብዙ የዓለም ዳርቻዎች ውኃው በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ቀይ ባሕርን በምፅዋ የሚያውቁ አንባቢያን ይህን አይተውታል፤ እዚያ ግን ልዩነቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። በሴንት ጆን ወደብ እስከ 8 ሜትር ተኩል ይደርሳል። በባሕረ ሰላጤው መጨረሻ ደግሞ እስከ 16 ሜትር የሚደርስበት ጊዜ አለ፤ ይህም አምስት ፎቅ ያለው ሕንፃ ቁመት ያህል ነው።

ምክንያቱ የባሕረ ሰላጤው ቅርፅ ነው። ሰፊ ሆኖ ይጀምርና ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እየጠበበና ጥልቀቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚያ ላይ ውኃው ከአፉ እስከ ጫፉ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሙላት እስከ ሌላው ሙላት ካለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ጋር ይቀራረባል። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ ልክ ወደ ኋላ በተመለሰ ቁጥር የሚገፋው ሰው ቢኖር ከፍታው እየጨመረ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የውቅያኖሱ ግፊትም በሰዓቱ እየደረሰ ውኃውን ከፍ ያደርገዋል።

ወንዙ የሚገለበጠው መቼ ነው?

673 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የሴንት ጆን ወንዝ ወደ ባሕሩ የሚገባው በከተማዋ ውስጥ ባለ ጠባብ የድንጋይ ገደል በኩል ነው። ከውኃው ሥር የአለት ደፍ አለ። ባሕሩ ሲሸሽ ከወንዙ ከ4 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ወንዙ በደፉ ላይ እየተገለባበጠ ወደ ባሕር ይወርዳል። ባሕሩ ሲሞላ ደግሞ ከወንዙ 4 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ የባሕሩ ውኃ ወንዙን እየገፋ ሽቅብ ይመልሰዋል። ስሙ ፏፏቴ ይባል እንጂ እንደ ጢስ ዓባይ ከላይ የሚወረወር ውኃ አይደለም፤ የሚታየው አረፋ የሚደፍቅና የሚሽከረከር ኃይለኛ ጅረት ነው።

ለጎብኚ የሚጠቅሙት ሦስት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛ፣ ጅረቱ በኃይል የሚታየው ባሕሩ እጅግ በሸሸበትና እጅግ በሞላበት ሰዓት አካባቢ ነው። ሁለተኛ፣ ከሽሽቱ 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል በኋላ ውኃው ይቆማል፤ ከዚያ ሽቅብ መፍሰስ ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ከሙላቱ 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል በኋላ እንደገና ይቆምና ቁልቁል ይፈሳል። የሚቆምባት ጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ ናት። እነዚያ እናት የደረሱት በዚህች 20 ደቂቃ ውስጥ ነበር። ሥፍራው ከመርከብ ማረፊያው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሄዶ ማየት ይቻላል። ለውጡ በደንብ የሚገባውም ሁለቱንም ላየ ሰው ነው።

የባሕር ወለል ላይ መራመድ

ሌላው ታዋቂ ሥፍራ «ሆፕዌል ሮክስ» ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ከ12 እስከ 21 ሜትር የሚደርሱ፣ ሥራቸው ቀጭን አናታቸው ሰፊ፣ ዛፍ የበቀለባቸው የድንጋይ ዓምዶች በመካከላቸው በእግር ያስኬዳሉ። ባሕሩ ሲሞላ ግን እንደ ትንንሽ ደሴቶች ይሆናሉ። «ዝሆኑ» ይባል የነበረው ዓምድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 በከፊል ተደርምሷል፤ ስለዚህ የቆየ ፎቶ ይዞ የሚሄድ ሰው እንዳይፈልገው።

ወለሉ ላይ መውረድ የሚቻለው ከሽሽቱ ሦስት ሰዓት ያህል አስቀድሞ እስከ ሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። ችግሩ ርቀቱ ነው። ከሴንት ጆን በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ይፈጃል። ጊዜው ያልበቃው ሰው ከከተማዋ በ45 ደቂቃ ገደማ የሚደረስበትን የሴንት ማርቲንስ የባሕር ዋሻዎች ሊመርጥ ይችላል። እነዚህም በእግር የሚደረስባቸው ባሕሩ ሲሸሽ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው

በቀን መቁጠሪያው ላይ የባሕሩን የሙላትና የሽሽት ሰዓት የካናዳ መንግሥት የባሕር ካርታ አገልግሎት አስቀድሞ ያወጣል፤ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። መርከቡ 8፡00 ላይ ደርሶ 18፡00 ላይ ይነሳል፣ ተሳፋሪዎች እስከ 17፡30 መግባት አለባቸው እንበል።

ሽሽቱ 11፡00 ላይ ከሆነ ቀኑ የሆፕዌል ነው። 8፡45 ላይ ቢነሱ 10፡45 ይደርሳሉ፤ እስከ 12፡30 በባሕሩ ወለል ተራምደው 14፡30 ከተማ ይመለሳሉ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ወንዙ ቢሄዱ 14፡50 አካባቢ ውኃው ሲቆም፣ ጥቂት ቆይቶም ሽቅብ መፍሰስ ሲጀምር ያያሉ።

በተቃራኒው 11፡00 ላይ ሙላት ከሆነ ሆፕዌልን ይተዉት። ሽሽቱ 17፡12 አካባቢ ስለሚሆን ወለሉ የሚገለጠው እርስዎ ወደ መርከቡ መመለስ በሚገባዎ ሰዓት ነው። ያን ቀን ጠዋት 10፡30 ወንዙ ሽቅብ ሲጋልብ ይዩ፤ ከሰዓት 15፡30 ላይ ተመልሰው ቁልቁል ሲወርድ ይዩ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በሳምንት ወደ ስድስት ሰዓት ይጠጋል ማለት ነው። ስለዚህ ጎረቤትዎ ባለፈው ሳምንት ሄዶ ሙላት ያገኘበት ሰዓት ለእርስዎ ሽሽት ሊሆን ይችላል። ከሰው የተሰማ ሰዓት ሳይሆን የራስዎን ቀን ሰንጠረዥ ይመልከቱ።

ሦስት የሰዓት ወጥመዶች

የመጀመሪያው የአገሩ ሰዓት ነው። ሴንት ጆን ከኒውዮርክና ከቦስተን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። መርከቡ ግን አንዳንዴ ሰዓቱን ሳይለውጥ በተነሳበት ከተማ ሰዓት ይቆያል። ከመውረድዎ በፊት «የምንመለሰው በየትኛው ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛው የሰንጠረዡ ሰዓት ነው። አንዳንድ ሰንጠረዦች የበጋውን የአንድ ሰዓት ጭማሪ አያካትቱም። ከላይ ወይም ከግርጌ የተጻፈውን ማየት ይገባል።

ሦስተኛው የራሳችን ነው። ሰንጠረዡ «11፡00» ሲል በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት ማለት ነው። በስልክ «በአምስት ሰዓት እንገናኝ» ተባብለው አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ የሚመጡ ዘመዳሞች ጥቂት አይደሉም። ባሕሩ ደግሞ ለማንም አይጠብቅም።

ጥንቃቄ

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ የፈንዲ ባሕር እንደ ማዕበል እያጓራ አይመጣም። ዝም ብሎ ይጨምራል። በሆፕዌል ውኃው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ሰው ቁመት በላይ ሊነሳ ይችላል። ጠባቂዎቹ ውጡ ሲሉ ፎቶ ለመጨረስ መቆየት አይገባም። ወለሉ ጭቃና አንሸራታች የባሕር አረም ስላለበት የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል። ዋናው መውረጃ ደረጃ ስለሆነ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አዛውንት ይዞ የሚሄድ ሰው ያስብበት።

መርከቡ ራሱ ባዘጋጀው ጉብኝት የሄደ ሰው ቢዘገይ መርከቡ አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቀዋል። በራሱ ታክሲ የሄደውን ግን ትቶት ይነሳል። ስለዚህ በራስዎ የሚሄዱ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ትርፍ ይያዙ። የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ሰው ደግሞ፣ በተለይ ከአገር ቤት ለጉብኝት የመጣ ወላጅ ይዞ የሚጓዝ፣ የካናዳ ቪዛና ወደ አሜሪካ ዳግም የሚያስገባ ቪዛ ጉዳይን ትኬት ከመግዛቱ በፊት ማጣራት አለበት።

ወደ እናትየው እንመለስ። ከወንዙ ዳር ከሄዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ያ የተኛ ውኃ ተነስቶ እየተገለባበጠ ነበር። መርከባቸው ደግሞ ገና ወደቡ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከታክሲ አሥር ደቂቃ የማይበልጥ መንገድ። የቸገራቸው ገንዘብም ጊዜም አልነበረም፤ ከመነሳታቸው በፊት አንድ ሰንጠረዥ ማየት ብቻ ነው።